የወንድሜ ፊት አንዱ ጎን ከአደጋ በኋላ ዓመት ሙሉ አልተንቀሳቀሰም፤ ቀዶ ሕክምና አሁንም ይደርስለት ይሆን?

እህት ከአዳማ፦

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ፊት ነርቭ ቀዶ ሕክምና የሚያውቅ ሐኪም ወይም በራሱ ያለፈበት ሰው ካለ ምክር ለመጠየቅ ነው የምጽፈው።

ታናሽ ወንድሜ በሞተር ሳይክል አደጋ ራሱን ተመትቶ ከቀኝ ጆሮው ጀርባ ያለው የራስ ቅል አጥንት ተሰነጠቀ። በሕይወት መትረፉ ብቻ ትልቅ ነገር ስለነበር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለ ፊቱ ብዙ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ከወደቀበት ያነሡት ጓደኞቹ እንደሚናገሩት የፊቱ ቀኝ ጎን የወረደውና አፉ ወደ ግራ የተሳበው ገና እዚያው መንገዱ ላይ ሳለ ነው። ከዚያ ወዲህ ዓመት አልፎ ጥቂት ሳምንታት ተቆጥረዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ቀኝ ቅንድቡ አልተነሣም፣ የአፉ ጠርዝ አልተንቀሳቀሰም፣ ዓይኑም ሙሉ በሙሉ ተከድኖ አያውቅም። ውኃ ሲጠጣ በቀኝ በኩል ይፈስበታል፤ ያኘከው ምግብም በጉንጩና በድዱ መካከል ስለሚቀር በጣቱ ማውጣት ግድ ይሆንበታል። ሥራው መምህርነት ነው። ከንፈር ተገጥሞ የሚነገሩትን ድምፆች አጥርቶ ማውጣት ስለሚያስቸግረው ክፍል ውስጥ ረጅም ሰዓት መናገር ያደክመዋል፤ ከሁሉም በላይ ግን ተማሪዎቹ ፊቱን አይተው መቆጣቱን ከመሣቁ መለየት እንዳቃታቸው ሲነግረኝ ልቤ ይሰበራል።

መጀመሪያ በታከመበት ቦታ የነበሩት ባለሙያዎች ነርቩ በራሱ ጊዜ ይመለሳልና ታገሡ ብለው ቫይታሚን አዘዙለት፤ እኛም ታገሥን። በቤታችን ያሉ ትልልቅ ሰዎች ምች ነው ብለው ዳማከሴ አሽተውለታል፤ ጸበልም ሄዷል። በቅርቡ ያየው ሌላ ሐኪም ግን እስካሁን መዘግየቱ እንዳሳሰበው ገልጾ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጽፎለታል።

ማወቅ የምፈልገው በቀዶ ሕክምና የሚሠራለት ነገር መኖሩን፣ ካለም ነርቩን ማያያዝ ይሻላል ወይስ ከሌላ አካል ጡንቻ ማዛወር የሚለውን ነው። ዓይኑም በጣም እየቀላ ስለሆነ እስከዚያው ምን ማድረግ እንዳለብን ብትነግሩን ውለታችሁ ትልቅ ነው።

ከአንገት በላይ ሐኪም፦

እህታችን፣ ከጻፉት ውስጥ ለሕክምናው ከሌላው ሁሉ የሚበልጠው ፊቱ የወረደው በአደጋው ቅጽበት መሆኑና ከዚያ ወዲህ ዓመት ማለፉ ነው።

“ታገሡ፣ በራሱ ይመለሳል” የሚለው ምክር የተለመደው ቤልስ ፓልሲ በሚባለው፣ በድንገት በሚከሰተውና ከፊት ሽባነት ዓይነቶች ሁሉ በብዛት በሚታየው ሕመም ምክንያት ነው። በዚያ ሕመም ምክሩ መሠረት አለው። በኮፐንሃገን ከ1,700 በላይ ታካሚዎች ያለ መድኃኒት ክትትል የተደረገላቸው ታዋቂ ጥናት እንዳሳየው 71 ከመቶ የሚሆኑት ሙሉ በሙሉ ድነዋል፤ ፕሬድኒሶሎን የሚባለው እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ሲጀመር ደግሞ የሚድኑት ይበዛሉ። ነርቩ የሚያብጥበት እንጂ የሚቆረጥበት ሕመም አይደለምና። የራስ ቅል አጥንት ሲሰነጠቅ ግን ነርቩ የሚያልፍበት ጠባብ የአጥንት ቦይ አብሮ ሊሰበር፣ ስባሪውም ነርቩን ሊወጋው ወይም ፈጽሞ ሊበጥሰው ይችላል። አደጋው ከደረሰ ከቀናት በኋላ ቀስ ብሎ የሚመጣ ሽባነት አብዛኛውን ጊዜ የእብጠት ውጤት ስለሆነ ይመለሳል፤ በቅጽበት የመጣና ሙሉ የሆነ ሽባነት ግን ነርቩ ክፉኛ ተጎድቷል ተብሎ ተጠርጥሮ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሲቲ ስካንና በኤሌክትሪክ ምርመራ መታየት የሚገባው ነው። ወንድምዎ የደረሰበትን ከቤልስ ፓልሲ ጋር አንድ አድርጎ ማየት እንደማይገባ በግልጽ መናገር አለብኝ።

አሁን ምርጫውን የሚወስነው ከነርቩ ይልቅ ጡንቻው ነው። የተቆረጠ ነርቭ ከተገጠመ በቀን ወደ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ እያደገ መንገዱን ሊቀጥል ይችላል። ነርቭ ያጣ የፊት ጡንቻ ግን እየመነመነ ይሄድና ቦታውን ስብና ጠባሳ ይወስደዋል። ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ፣ አንዳንዴም እስከ 2 ዓመት ድረስ ነርቭ ከደረሰለት ሊነቃ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ምንም ያህል ጤነኛ ነርቭ ቢያመጡለት መልስ አይሰጥም። አዲስ የተገጠመ ነርቭ ጡንቻው ዘንድ እስኪደርስ ራሱ ወራት እንደሚፈጅ ስናስብ፣ ለወንድምዎ የቀረው ጊዜ በሳምንታት የሚቆጠር ነው ብዬ ነው የማምነው።

ስለዚህ በቀጠሮው ቀን ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት በመርፌ የሚሠራው ኢኤምጂ ነው። ባለሙያው ቀጭን መርፌ ወደ ጉንጭና ወደ አፍ ዙሪያ ጡንቻዎች አስገብቶ የጡንቻውን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በስክሪን ይመለከታል፣ በድምፅም ያዳምጣል። ጡንቻው ነርቭ አጥቶም በሕይወት ካለ፣ ማንም ሳያዝዘው ራሱ የሚያሰማው የማያቋርጥ ጥቃቅን ትርታ ይኖራል። መርፌው በትክክል ገብቶ ምንም ነገር ካልተሰማ ግን ጡንቻው ወደ ጠባሳ ተለውጧል ማለት ነው። ወንድምዎ ለመሣቅ በሚሞክርበት ጊዜ በመጠኑም ቢሆን ከራሱ ነርቭ የመጣ ምልክት ከታየ ደግሞ ነርቩ ራሱ እያደገ ነውና ውሳኔው ከሥሩ ይለወጣል። ከዚህ ጎን ለጎን የጆሮ አካባቢን አጥንት በቀጫጭን ክፍል የሚያሳይ ሲቲ ስካን ቢኖር ነርቩ የት ላይ እንደተጎዳ ያመለክታል።

ጡንቻው በሕይወት ከተገኘ፣ በእኔ እምነት ለእሱ ቀዳሚው መንገድ ጥርስ ስንነክስ በመንጋጋ ማዕዘን ላይ የሚጠነክረውን የማኘኪያ ጡንቻ ከሚያዝዘው ነርቭ፣ ማለትም ከማሴተር ነርቭ፣ ቅርንጫፍ ወስዶ ከፊት ነርቭ የፈገግታ ቅርንጫፎች ጋር ማገናኘት ነው። ይህ ነርቭ ከጆሮ ፊት 3 ሴንቲ ሜትር፣ ከጉንጭ አጥንት ቅስት በታች ደግሞ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ፣ በጡንቻው ውስጥ ጠልቆ ይገኛል። ለሚሄድበት ቦታ ቅርብ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ከሌላ አካል ነርቭ መንቀል ሳያስፈልግ ሁለቱ ጫፎች በቀጥታ ይገጠማሉ፤ የሚሰፉትም በማይክሮስኮፕ እየታዩ ከጠጉር በቀጠነ ክር፣ ምንም ውጥረት ሳይኖርባቸው ነው። የመጀመሪያው እንቅስቃሴ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ውስጥ ይታያል፤ ማኘክንም ሌሎቹ ጡንቻዎች ስለሚሸፍኑት ጉዳቱ ትንሽ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራበት የኖረው ሌላው መንገድ የምላስን ነርቭ ወደ ፊት ማዞር ሲሆን፣ ፊቱ በእረፍት ላይ ሳለ እንዳይወርድ በመያዝ በኩል መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ነርቩ ሙሉ በሙሉ ከተቆረጠ የምላሱ ግማሽ ይመነምናል። ኑሮው በንግግር ለሆነ መምህር ይህን መንገድ በዚያ መልኩ አልመርጥለትም፤ ግድ ከሆነም ዛሬ ከነርቩ ከፊሉን ብቻ የሚጠቀሙ ዘዴዎች አሉ።

ነርቩ በተቆረጠበት በራሱ ቦታ ማያያዝ፣ መሃሉ የጎደለ ከሆነም ከአንገት ወይም ከባት በተወሰደ የስሜት ነርቭ መሙላት፣ በአደጋው ሰሞን ቢሆን ኖሮ ከሁሉ የተሻለው ነበር። ከዓመት በኋላ ግን ከጆሮ አጥንት ውስጥ ተነሥቶ እስከ ጉንጭ ያለው ርቀት ለእሱ ረጅም ነው። ከጤነኛው ጎን ከላይኛው ከንፈር በላይ አሻግሮ የሚመጣ ነርቭም ብቻውን ይዘገያል፤ ከማሴተሩ ጋር ተደርቦ ሊሠራ ግን ይችላል።

ጡንቻው ከሞተ በር ተዘጋ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 ጃፓናዊው ሐኪም ኪዮኖሪ ሃሪና ባልደረቦቹ ከውስጠኛው ጭን ግራሲሊስ የሚባለውን ቀጭን ጡንቻ ከደም ሥሩና ከነርቩ ጋር ወደ ፊት በማዛወር የፈገግታን እንቅስቃሴ መመለስ እንደሚቻል አሳይተዋል፤ ይህ ዘዴ ዛሬ በዓለም ላይ በሰፊው ይሠራበታል። ከእሱ ይልቅ ቀለል የሚለው ደግሞ ከጆሮ በላይ በራስ ጎን ያለውን የማኘኪያ ጡንቻ፣ ቴምፖራሊስን፣ ወደ አፍ ጠርዝ ማውረድ ነው። እንቅስቃሴ መስጠት የማይቻልበት ሰው ሲሆን ደግሞ ከጭን በተወሰደ ጠንካራ የጡንቻ ሽፋን የአፉን ጠርዝ ወደ ላይ ሰቅሎ ማሰር ይቻላል፤ ይህ ፈገግታ ባይሰጥም ምራቅና ውኃ መፍሰሱን ይቀንሳል።

ከእነዚህ አንዱም ፊትን ቀድሞ እንደነበረው አይመልስም። የሚጠበቀው ዓይን እንዲጠበቅ፣ ፊት በእረፍት ላይ ሚዛኑን እንዲይዝ፣ ፈልጎ የሚሠራው ፈገግታ እንዲኖረው ነው። ግንባር እንደገና ሲጨማደድ ማየት እምብዛም አይጠበቅም። ይህን ከአሁኑ ወንድምዎ ራሱ ከሐኪሙ አፍ ቢሰማው መልካም ነው።

ጡረተኛ ነርስ፦

ልጄ፣ ዶክተሩ ስለ ነርቩ በሚገባ አስረድተዋል፤ እኔ ስለ ዓይኑ ልንገርሽ፤ ይህ ጉዳይ ቀጠሮ የሚጠብቅ አይደለምና።

ብዙ ዘመን የሠራሁት የሥጋ ደዌ ካገኛቸው ሰዎች ጋር ነው። ያ ሕመም የዓይን ቆብን የሚከድነውን የፊት ነርቭ ቅርንጫፍ ስለሚጎዳ ዓይናቸው ሳይከደን የሚቀር ብዙዎች ነበሩ፤ ከእነሱም መካከል የታወሩት ዓይናቸው በሽታ ስላገኘው ሳይሆን ስለደረቀ ነው። ዓይን ሳይከደን ሲቀር ከፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ይደርቃል፤ ይቆስላል፤ ቁስሉም ጠባሳ ይተዋል፤ በጠባሳው ውስጥ ብርሃን አያልፍም። የወንድምሽ ዓይን መቅላቱ ይህ እንደጀመረ ሊያመለክት ስለሚችል ነገ ሳትይ ዛሬ የዓይን ሐኪም ይየው። ሐኪሙ ዓይኑ በጥጥ ጫፍ ሲነካ መሰማት አለመሰማቱን እንዲፈትሽ ጠይቂ፤ ከማይከደነው ዓይን ይልቅ የማይከደንና ሕመም የማይሰማው ዓይን እጅግ የከፋ ነው።

እስከዚያው ቀን ቀን ሰው ሠራሽ እንባ በየሰዓቱ ይጨመርለት፤ ወደ ውጭ ሲወጣ ነፋስና አቧራ የሚከላከል ጎኑ የተሸፈነ መነጽር ያድርግ። ማታ ሲተኛ ቅባቱን በታችኛው ቆብ ውስጥ ቀጭን አድርጋችሁ አስገቡ፤ ከዚያ የላይኛውን ቆብ በጣት ቀስ አድርጋችሁ ወደ ታች በመሳብ እስኪገጥም ድረስ ዝጉትና በቆዳው ላይ የሕክምና ፕላስተር ለጥፉ። ከዓይኑ ላይ ፋሻ ወይም ጥጥ በቀጥታ አታድርጉ፤ ቆቡ በእንቅልፍ ውስጥ ከተከፈተ ፋሻው ራሱ ዓይኑን ይፍቀዋል። ይህን ሥራ ከቤተሰብ አንድ ሰው ኃላፊነት ቢወስድበት ይሻላል፤ ሕመምተኛው ብቻውን በመስታወት ሲያደርገው ቆቡ በትክክል አይገጥምም።

በቀዶ ሕክምና በኩል ደግሞ ዛሬ በላይኛው ቆብ ውስጥ 1 ግራም ገደማ የሚመዝን የወርቅ ወይም የፕላቲነም ቁራጭ ይቀበራል። ሐኪሙ አስቀድሞ በሽተኛውን አስቀምጦ የተለያየ ክብደት ያላቸውን ቁራጮች በቆቡ ላይ ከውጭ እየለጠፈ ዓይኑን እንዲከድንና እንዲገልጥ ያደርገዋል፤ ከድኖ ግን ሲገልጥ የማይጎትተውን ይመርጣል። የሚሠራው በክብደት ስለሆነ በጀርባው ሲተኛ ሙሉ በሙሉ ላይከደን ይችላልና የማታውን ቅባት አትተዉ። የታችኛው ቆብ ተገልብጦ ወርዶ ከሆነ እሱን የሚያጠብቅ ትንሽ ቀዶ ሕክምና አለ፤ አስቸኳይ ሲሆንም የሁለቱን ቆቦች ውጫዊ ጠርዝ በመስፋት ዓይኑን ማጥበብ ይቻላል። ይህ በእኛ አገር የዓይን ሐኪሞች የሚሠሩት ነገር ስለሆነ የነርቩ ቀዶ ሕክምና እስኪወሰን መጠበቅ አያስፈልገውም፤ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ብትጠይቁ ይረዷችኋል።

ዶክተሩ የጠቀሱት የቴምፖራሊስ ጡንቻ ደግሞ ለእኛ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመው አለርት የሥጋ ደዌ ሕክምናንና ተሐድሶን ለመላው አፍሪካ ለማስተማር የታሰበ ማዕከል ነው፤ በዚህ ሕመም ተሐድሶ ውስጥም ከቆዩት ቀዶ ሕክምናዎች አንዱ ከራስ ጎን የሚወሰድ የጡንቻ ቁራጭ ቆዳ ሥር አሳልፎ በላይኛውና በታችኛው ቆብ ዙሪያ ማሰር ነበር። ከዚያ በኋላ በሽተኛው ጥርሱን ሲነክስ ዓይኑ ይከደናል። የሚያስደንቀው ግን ሥራው በቀዶ ሕክምናው አለማለቁ ነው፤ ሰውየው በየጊዜው ጥርሱን ነክሶ ዓይኑን መክደንን እስኪለምድ ድረስ አጠገቡ ተቀምጠን እናስታውሰው ነበር፤ ልማዱ ከያዘው በኋላ ሳያስበው ያደርገዋል፤ ያልተለማመደው ግን ጥሩ ጡንቻ ይዞ ዓይኑ ይደርቃል። ወንድምሽም የማሴተሩ ነርቭ ቢገጠምለት ያው ነው፤ ፈገግታው በንክሻ ይጀምራል፤ ካልተለማመደው አይመጣም።

ከፍራንክፈርት፦

እህቴ፣ እኔ በጆሮዬ ውስጥ በሚያልፈው ነርቭ ላይ የበቀለ ዕጢ በቀዶ ሕክምና ከወጣልኝ በኋላ የግራ ፊቴ ሙሉ በሙሉ ቀረ፤ ጡንቻውም ጊዜ አልፎበት ስለነበር የጭን ጡንቻ በማዛወር ታክሜአለሁ። ወንድምሽ ወደዚህ መንገድ ቢሄድ ምን እንደሚጠብቀው ለማሳወቅ ነው የምጽፈው።

የእኔ በሁለት ጊዜ የተሠራ ነው። በመጀመሪያው ከባቴ ጀርባ የስሜት ነርቭ ተወስዶ ጤነኛ ከሆነው ጎኔ ላይ ካለ አንድ የፈገግታ ቅርንጫፍ ጋር ተያያዘና ከላይኛው ከንፈሬ በላይ ባለው ቆዳ ሥር ወደ ሽባው ጎን ተሻገረ። ጤነኛው ጎን ይጎዳ ይሆን ብዬ በጣም ፈርቼ ነበር፤ ሐኪሞቹ ግን እዚያው ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ በትንሽ ኤሌክትሪክ እየነኩ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩት ከአንድ በላይ መሆናቸውን ካረጋገጡ በኋላ አንዱን ብቻ ስለወሰዱ በፈገግታዬ ላይ የቀነሰ ነገር አላየሁም። የእግሬ ውጫዊ ጠርዝ ግን እስከ ዛሬ ደንዛዛ ነው፤ ይህ እንደሚሆን አስቀድሞ ተነግሮኛል። ከዚያ ነርቩ እስኪያድግ አንድ ዓመት ገደማ ጠበቅሁ። እድገቱን የሚያውቁት በሽባው ጎን ባለው የነርቩ ጫፍ ላይ በጣት መታ መታ በማድረግ ነው፤ የመወረር ስሜት ሲሰማኝ ነርቩ ደርሷል ተባለ።

ሁለተኛው ረጅሙ ነው። ከውስጠኛው ጭኔ የግራሲሊስ ጡንቻ ቁራጭ ከነደም ሥሩ ተወስዶ አንዱ ጫፉ በአፌ ጠርዝ፣ ሌላው ከጆሮዬ ፊት ተሰፋ፤ የደም ሥሮቹ ከፊቴ የደም ሥሮች ጋር፣ ነርቩም ቀድሞ ከተሻገረው ነርቭ ጋር ተገጠመ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የደም ሥሩ ቢረጋ ጡንቻው ሊሞት ስለሚችል ነርሶቹ ሌሊት ሁሉ እየቀሰቀሱኝ የደሙን ድምፅ በመሣሪያ ያዳምጡ ነበር። በጭኔ በኩል ያጣሁት አቅም የለም፤ ሌሎቹ ጡንቻዎች ሥራውን ይሸፍናሉ። ጉንጬ ግን ከሌላው ጎን ትንሽ ወፍራም ሆኖ ቀርቷል።

ፊቴ ላይ ምንም ሳይታይ ወራት አለፉ። በዚያ ጊዜ ተስፋ መቁረጥ ቀላል ነውና ወንድምሽ ብቻውን እንዳይሆን አደራ። ከዚያ በመስታወት ፊት ቆሜ በጤነኛው ጎን ስሥቅ የሌላው ጎን የአፌ ጠርዝ ጥቂት ተንቀጠቀጠ። ነርቩ የመጣው ከፈገግታ ነርቭ ስለሆነ ዛሬ አንድ ሰው ሲያሥቀኝ ሳላስበው በሁለቱም ጎን እሥቃለሁ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ በማሴተር ነርቭ ከሆነ ግን ጠንከር ያለና ቶሎ የሚመጣ፣ ነገር ግን በመጀመሪያ ታስቦበት የሚሠራ ፈገግታ እንደሚሆን ነው የተረዳሁት።

ፊዚዮቴራፒስት፦

ከላይ በተጻፈው ሁሉ እስማማለሁ፤ ልጨምር የምፈልገው በእኔ ሙያ በኩል ያለውን ብቻ ነው። ብዙ ቤተሰቦች የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ መሣሪያ ገዝተው በየቀኑ ፊት ላይ ያደርጋሉ። መሣሪያው የተቆረጠን ነርቭ አያያይዝም፤ ነርቩ እያደገ ባለበት ፊት ላይም ጥቅሙ በበቂ ማስረጃ አልተረጋገጠም፤ ስለዚህ ገንዘባችሁንም ጊዜያችሁንም ለዚያ አታውሉት። የሚጠቅመው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጡንቻው መነቃነቅ ሲጀምር በመስታወት ፊት ተቀምጦ በዝግታና በትንሽ ኃይል የሚደረግ ልምምድ ነው። በመጀመሪያ ቀስ ብሎ ጥርሱን ይነክሳል፤ የአፉ ጠርዝ ሲነሣ ያያል፤ ከዚያ ንክሻውን እየቀነሰ ፈገግታውን ማስቀረት ይማራል። በሙሉ ኃይል መሞከር ሁለቱን ጎኖች ይበልጥ ያዛንፋል።

ነርቩ በራሱ ጊዜ አድጎ ከሆነ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል፤ የነርቭ ክሮች መንገድ ስተው ወደ ሌላ ጡንቻ ይሄዱና ሰውየው ሲሥቅ ዓይኑ ይጨፈናል፣ ሲበላም ዓይኑ ያነባል። ለዚህ ልምምድና በየጥቂት ወሩ የሚደጋገም፣ ጡንቻን ለጊዜው የሚያላላ የቦቶክስ መርፌ ይረዳል። ቦቶክስ ጤነኛው ጎን ከልክ በላይ ሲጎትትም እሱን ለማለስለስ ያገለግላል።

እህት ከአዳማ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የሁላችሁንም ምክር ለወንድሜ አንብቤለታለሁ። ዓይኑን ወዲያው አስመረመርን፤ ላዩ ላይ የመፋቅ ምልክት እንጂ ጥልቅ ቁስል አልተገኘም፤ ስሜቱም አለ። ቅባቱንና ፕላስተሩን ማታ ማታ እኔ ነኝ የማደርግለት፤ ቅላቱ ቀንሷል። የመርፌው ምርመራም ተሠራ። በጉንጩና በአፉ ዙሪያ ባሉት ጡንቻዎች ሳይታዘዝ የሚሰማ ትርታ አለ፤ ለመሣቅ ሲሞክር ግን ከነርቩ የመጣ ምንም ምልክት አልታየም። በግንባሩ ላይ ጸጥታ ነው ተብሏል።

አሁን የከበደን ውሳኔው ነው። ዱባይ ያለ ዘመዳችን ጡንቻው መዳከሙ ስለማይቀር በነርቭ ጊዜ ከማባከን በቀጥታ ወደ ጭን ጡንቻው ብትሄዱ ይሻላል ይላል፤ ወጪውንም ሊረዳን ፈቃደኛ ነው። ወንድሜ ደግሞ የእህታችንን የፍራንክፈርቷን ጽሑፍ ካነበበ በኋላ ሳያስበው የሚመጣውን ፈገግታ ይፈልጋል።

ከአንገት በላይ ሐኪም፦

እህታችን፣ የምርመራው ውጤት ካነበብኩት ሁሉ መልካሙ ነው። ትርታው አለ ማለት የራሱ የፊት ጡንቻ ገና በሕይወት ነው ማለት ነው፤ ከራሱ ነርቭ ምልክት አለመታየቱ ደግሞ ከእንግዲህ መጠበቅ እንደማይጠቅም ያሳያል።

በዘመድዎ ሐሳብ አልስማማም፤ ምክንያቴንም ልንገርዎ። ከጭን የሚመጣ ጡንቻ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚጎትት አንድ ጡንቻ ነው። የራሱ የፊት ጡንቻዎች ግን ብዙ ናቸው፤ ከቆዳው ጋር የተያያዙበት ቦታና የሚጎትቱበት አቅጣጫ በተፈጥሮ የተሰናዳ ስለሆነ በነርቭ ሊነቁ እስከቻሉ ድረስ ምንም ዓይነት የተዛወረ ጡንቻ አይተካቸውም። ደግሞም የማሴተር ነርቭ ተገጥሞ ውጤቱ ደካማ ቢሆን የጭን ጡንቻው መንገድ ከዓመታት በኋላም ክፍት ነው፤ የተዛወረው ጡንቻ የራሱን ነርቭና የደም ሥር ይዞ ስለሚመጣ የሽባነቱ ዕድሜ አይገድበውም። የራሱ ጡንቻ ግን ዛሬ ካልደረስንለት ወደፊት አይገኝም። የቱ ይቅደም የሚለውን የሚፈታው ይህ ነው።

የወንድምዎን ፍላጎት በተመለከተ ሁለቱን መደረብ ይቻላል። ማሴተሩ በአሁኑ ጊዜ ወደ ፈገግታ ቅርንጫፎች ይገጠምና ጡንቻውን ያድነዋል፤ በዚያው ቀዶ ሕክምና ከጤነኛው ጎን የሚሻገረው ነርቭ ይዘረጋል፤ እሱ ቀስ ብሎ ሲደርስ ሳያስቡት የሚመጣውን ፈገግታ ሊያግዝ ይችላል። ይህ እንዲሠራለት ቀድሞ መጠየቅ አለበት፤ የባት ነርቭ መውሰድ ተጨማሪ ሰዓትና ዝግጅት ይፈልጋልና። ለግንባሩ የሚደረገው የወረደውን ቅንድብ በቀላል ቀዶ ሕክምና ወደ ላይ ማንሣት ሲሆን፣ ያ ሌላ ጊዜም ይደርሳል። የዓይን ቆቡ ክብደት ግን በዚያው ቀን ቢገባለት እመርጣለሁ።

በአገር ውስጥ ከአንገት በላይና የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች በጋራ በሚያዩት ቦታ ይታይ፤ የካቲት 12 ሆስፒታል በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና የታወቀ ነው፤ ከዚያ መጀመር ይችላሉ። ሲጠይቁ “የፊት ነርቭ ትሠራላችሁ?” ብቻ ብለው አይለፉ፤ በማይክሮስኮፕ ነርቭ የሚገጥም ሐኪም መኖሩን፣ የማሴተርን ነርቭ ከዚህ ቀደም ሠርቶ እንደሆነ፣ ቀጠሮውም መቼ እንደሚደርስ ይጠይቁ። ቀጠሮው ወራት የሚያስጠብቅ ከሆነ ያን ጊዜ የዘመድዎ እርዳታ ለውጭ አገር ጉዞ ቢውል አግባብ ነው፤ የሚሄድበት ምክንያት ግን ለነርቭ ማገናኘቱ ይሁን።

ወንድምዎ የሚከተሉትን አሰናድቶ ይያዝ። የአደጋው ዕለት የተጻፈው የሕክምና ማስረጃ፣ የሲቲ ስካኑ ምስል ከነሲዲው እንጂ ወረቀቱ ብቻ ያልሆነ፣ የኢኤምጂው ውጤት ከተሠራበት ቀን ጋር፣ እንዲሁም ከአደጋው በፊት ሲሥቅ የተነሣው ፎቶግራፍ። በስልክም ቪዲዮ ይነሣ፤ በመጀመሪያ ፊቱ በእረፍት ላይ ሆኖ፣ ከዚያ ቅንድቡን ለማንሣት፣ ዓይኑን በቀስታ ከዚያም በኃይል ለመክደን፣ ለመሣቅ፣ ከንፈሩን ለማሞጥሞጥ ሲሞክር፣ በመጨረሻም ጥርሱን ነክሶ። በንክሻው ጊዜ ጣቱን በቀኝ የመንጋጋው ማዕዘን ላይ አድርጎ ጡንቻው ከሥሩ ሲጠነክር ከተሰማው፣ የምንፈልገው ነርቭ ጤነኛ መሆኑን ሐኪሙ ገና ሳይነካው በመጠኑ ያውቃል።